ሳይማማሉ መጠቃቀም

የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት እዚህ ነው። በዚያው ዘመን ቤተ መንግሥቱ ብርዱንና የማገዶ እጦቱን ሸሽቶ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረደ፤ ተራራው ግን ሰው ተለይቶት አያውቅም። ተሳላሚው፣ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙት ሴቶች፣ ከሱሉልታ በኩል ጭነት ይዘው የሚሻገሩት አህዮች ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል። ሲመሽ ደግሞ ሌሎች መንገደኞች ይነሣሉ። ጅቦች ከጫካው ወጥተው ወንዝ ወንዙን ወደ ጉለሌ ሰፈሮች ይወርዳሉ። የተጣለ አጥንት፣ የሞተ ውሻ፣ የበግ ሆድ ዕቃ ካገኙ ጠርገው በልተው ሳይነጋ ይመለሳሉ።

ይህ ምዕራፍ ዝርያቸው የተለያየ እንስሳት እንዴት እንደሚጠቃቀሙ ይናገራል። እንዲህ ያለ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከባሕር ነው፤ ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ስለሚያስጸዷቸው ትንንሽ ዓሦች ይተረካል። እኔ ከጅብና ከሰው የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ሰውም ከእንስሳት አንዱ ነው፤ ጅብ ደግሞ ወዳጅ ተብሎ ለመጠራት የመጨረሻው ነው። ልጆቻችንን የምናስፈራራው በእሱ ነው፤ በተረታችን ውስጥም ሁልጊዜ ሆዳሙና ሞኙ እሱ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል መጠቃቀም ከተገኘ ነገሩ ፍቅርም ቃል ኪዳንም እንደማይሻ ከመነሻው ይገባናል።

መጠቃቀሙንም አለ ብሎ መናገር ይቻላል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋ ከውጭ አገር ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የመቀሌን ጅቦች ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናታቸው ጅቦቹ ነዋሪዎችና ድርጅቶች ከሚጥሉት የእንስሳት በድን በዓመት 207 ቶን እንደሚበሉ አስልተዋል። ይህ ከጠቅላላው 4.2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሜዳ የተጣለ ጥንብ አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ያዛምታል። በተመራማሪዎቹ ስሌት ጅቦቹ ያን ያህል በመብላታቸው ብቻ በየዓመቱ 5 ሰዎች፣ እንዲሁም 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በእነዚህ ሁለት በሽታዎች ከመያዝ ይድናሉ። ለዚህ አገልግሎት ለጅብ ደመወዝ የሚከፍለው የለም፤ እሱም ያገለገለ አይመስለውም። በልቶ ማደሩ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሌላው ጥናታቸው ነው። ተመራማሪዎቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወራትና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ ያለው ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ። ከጾሙ በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ውስጥ ነበር። በጾሙ ወደ 33.1 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ምእመናኑ ሥጋ አይቀምሱም፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ በየደጁ በግ አይታረድም። ስለዚህ ሌሊት የሚጠረገው አጥንትና ሆድ ዕቃ ይጠፋል። ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ በሁዳዴ የአህያዋ ዕጣ ይብስ ይከፋል። አንድ የዱር አውሬ የሚበላው ነገር በቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ሲለዋወጥ ማየት ሁለት ዝርያዎች ምን ያህል ተሳስረው እንደሚኖሩ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያሳያል። የዝምድናው ዋጋ ብዙ ጊዜ በሦስተኛ ወገን ላይ እንደሚወድቅም ያሳያል፤ ሰውና ጅብ ሲጠቃቀሙ ከፋዩዋ አህያ ናት።

ሐረሮች ይህን ዝምድና ወግ አበጅተውለታል። በጀጎል ግንብ ሥር ለጅብ መግቢያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአሹራ ቀን ቅቤ የተደረገበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ በየምሽቱም ከበሩ ውጭ በስሙ እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ወግ የላትም። ጅቡ ግን እዚህም አለ፣ ሥራውም ያው ነው።

ጠራጊው ሲታጣ ምን እንደሚመጣ ከህንድ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ለከብቶች በብዛት ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ ያለበትን በድን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ፤ ከዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፉ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እስከዚያ ድረስ በድኑ ለውሻ ቀርቶ ነበር፤ ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ፣ ከእሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት መጣ። በአገራችንም ቄራዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ጥንብ አንሳው እየቀነሰ ውሻው እየበዛ መሄዱን አይተዋል። ቄራ አጠገብ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው በልጅነቱ ሰማዩን ሞልተው ያያቸውን ጆፌ አሞራዎች ዛሬ ቀና ብሎ ቢፈልግ ልዩነቱን ራሱ ይመሰክራል።

የእንስሳትን ዝምድና የሚያጠኑ ሰዎች በሦስት ይከፍሉታል። ሁለቱም የሚጠቀሙበት አለ፤ አንዱ ተጠቅሞ ሌላው የማይጎዳበት አለ፤ አንዱ የሚጠቀመው ሌላውን ጎድቶ የሆነበትም አለ። ክፍፍሉ ለማስተማር ይጠቅማል፤ በሜዳ ላይ ግን ድንበሩ ሲንሸራተት ይታያል። ከብትና አህያ ጀርባ ላይ ተለጥፋ መዥገር የምትለቅመውን፣ ቀይ መንቁር ያላትን ወፍ ውሰዱ። ለዘመናት የመጠቃቀም ምሳሌ ሆና ስትጠቀስ የኖረች ናት፤ ወፏ ትጠግባለች፣ ከብቱ ከመዥገር ይገላገላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናቱን ያወጣ ፖል ዊክስ የተባለ ተመራማሪ ግን ዚምባብዌ ውስጥ ወፎቹን ከበሬዎች አርቆ ቢያይ የመዥገሩ ብዛት አልተለወጠም። እንዲያውም ወፎቹ ያልቀረቧቸው በሬዎች ቁስል ቶሎ ዳነ። ወፏ መዥገሩን ብቻ ሳይሆን የቆሰለውን እየጎረጎረች ደሙንም፣ የጆሮ ኩኩንም ትበላለች። ጀርባው በኮርቻ የተላጠ የጭነት አህያ ያለው ባላገር ይህን ከሳይንቲስቱ በፊት ያውቀዋል፤ ወፏን ከቁስሉ ላይ ሲያባርር የሚውለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ወፏ ጥገኛ ናት ብለን መዝገቡን እንዝጋ? አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር አውራሪስን ያጠኑ ሰዎች ሌላ ነገር አገኙ። አውራሪስ ዓይኑ ደካማ ነው። ወፏ ጀርባው ላይ በሌለችበት ጊዜ ሰው ሲጠጋው የሚያውቀው በ23 በመቶው ሙከራ ብቻ ነበር። ወፏ ካለች ግን ስትጮህ ሰምቶ ሁልጊዜም ይነቃል። በአዳኝ ጥይት ለሚሞት እንስሳ ጥቂት ደም ለዘብ ጠባቂ የሚከፈል አነስተኛ ዋጋ ነው። ለእንጦጦ አህያ የሚያሰጋው ባለጠመንጃ ስለሌለ ወፏ ታከስረዋለች፤ ለአውራሪሱ ነፍሱን ታድነዋለች። ወፏ ያችው ናት፣ ምግቧም ያው ነው። የተለወጠው ዙሪያው ነው።

ዙሪያው የሚወስነው ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ቦታ ከእንጦጦ ሸንተረር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዘን የምናገኘው የመንዝ ጓሳ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ሜዳው በጓሳ ሣር የተሸፈነ፣ ማለዳ ውርጭ የሚጥልበት ነው። ጭላዳዎች በመቶ በመቶ እየሆኑ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ይመላለሳል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዓይኑን አያምንም። ቀይ ቀበሮ ሥጋ በል ነው፤ የጭላዳ ግልገል ደግሞ መጠኑ ከሚያድነው ጥንቸል አይበልጥም። ጭላዳዎች ውሻ ካዩ ገና ከሩቅ ወደ ገደሉ ይሮጣሉ። ቀበሮው ግን በመንጋው መሐል ቀስ እያለ፣ ድንገት ሳይዘል፣ ሳይሮጥ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ጓሳ ላይ ከርመው ይህን በቁጥር መዘገቡት፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት በ25 በመቶው ሙከራ ነበር። በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይደርሳል። ምናልባት ሣሩን የሚነጩት ጭላዳዎች አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጧቸዋል፤ ምናልባትም አይጦቹ የመንጋውን ኮቴና ድምፅ ስለለመዱ የቀበሮውን ለይተው አይሰሙም።

አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ሕጉን ጣሰ። የጭላዳ ግልገል ነጠቀ። ጭላዳዎቹ ተሯሩጠው ከበቡት፣ ግልገሉን አስጣሉት፣ ከመንጋው አባረሩት፣ ሊመለስ ሲሞክርም አላስገቡትም። ይህ ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ክፍል ነው። የቀበሮው ጨዋነት ደግነት አይደለም። አንድ ግልገል የአንድ ቀን ምግብ ነው፤ መንጋው ውስጥ የመግባት ፈቃድ ግን የሁልጊዜ እንጀራ ነው። ይህን አስልቶት ነው ማለቴ አይደለም፤ በመንጋው መካከል እጁን ሰብስቦ የሚሄድ ቀበሮ የተሻለ እየበላ ኖረ፣ ልማዱም ጸና።

ጭላዳውስ ምን አተረፈ? ተመራማሪዎቹ ለጭላዳው የተረጋገጠ ጥቅም አላገኙለትም፤ ቀበሮው በአካባቢው መኖሩ ሌላ አዳኝ ያርቅለት ይሆናል የሚል ግምት ግን አለ። ስለዚህ በመዝገቡ ሕግ ይህ ገና ሙሉ መጠቃቀም አይባልም። ቢሆንም አንድ ሥጋ በልና አንድ ሣር በል ሳይተናነቁ አብረው መዋል መቻላቸው ራሱ ብርቅ ነው። ውሻ ከሰው ጋር የተላመደበትን መነሻ ያስታውሳል ያሉም አሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስናስብ፣ ይህ ትርኢት በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚታይ መሆኑ ልብ ይነካል።

ይህ ዝምድና ግን በአየር ላይ አልቆመም። ሣሩ ባይኖር አይጡ፣ አይጡ ባይኖር ቀበሮው፣ ሣሩ ባይኖር ጭላዳውም አይኖርም። ሣሩን ያቆየው ደግሞ የመንዝ ገበሬ ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የሚወለዱት ባለመሬቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ጓሳን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ እንጨት መቁረጥም ክልክል ነው። የተመረጠው አለቃ ጎረምሶቹን አስከትሎ ይጠብቃል፤ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ በደረቁ ወራት ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ይወስዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ግን የአካባቢው ሰዎች በአዲስ መልክ አቋቁመውት ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የመንዝ ሰው ቀበሮና ጭላዳን ለማገናኘት ብሎ አልጠበቀም። ለጣራው ሣር ፈልጎ ነው። ከዚያ ሣር ውስጥ ግን ለዓለም የሚነገር ነገር በቀለ።

እንጦጦ በዚህ ዓይን ቢታይ ታሪኩ ተገላቢጦሽ ነው። ማገዶ ፍለጋ ጽዱና ወይራው ተጨፈጨፈ፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ባሕር ዛፍ መጣ። ባሕር ዛፉ ከተማዋን ከመፍረስ አድኗታል፤ ማገዶዋም፣ የጭቃ ቤቷ ማገርም ከእሱ ነው። ስለዚህ በእሱ ላይ ክፉ መናገር አይቀናኝም። ሆኖም ጥላው ሥር እምብዛም የሚበቅል የለም፤ ወፍ የሚለቅመው ፍሬም አያፈራም። ጽድና ወይራ የቀሩት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጽር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ700 ሄክታር ገደማ ላይ አገር በቀሉን ዛፍ እየመለሰ ነው። በዚህ ከልብ ደስ ይለኛል። የተተከለው ችግኝ ሲቆጠር ግን ፍሬውን ሊበላ የመጣው ወፍ፣ ወፏን ተከትሎ የመጣው ጭልፊትም አብሮ እንዲቆጠር እመኛለሁ፤ የጓሳ ነገር የሚያስተምረኝ ይህን ነው።

እስካሁን ካየናቸው አብዛኞቹ ሳይነጋገሩ የሚጠቃቀሙ ናቸው። እየተጠራሩ የሚጠቃቀሙም አሉ፤ ከሁሉም አስደናቂው ሰውን ወደ ማር የምትመራው ወፍ ናት። ስለዚህች ወፍ ቀደም ብለው ለአውሮፓ ከጻፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሎቦን አስተባበለ። ወፏን አውቃታለሁ፣ ወደ ማር ስትመራ ግን አላየሁም አለ። ንብ እንዲህ በሞላበት፣ ቀፎ በየቤቱ ባለበት አገር ማር የምታሳይ ወፍ ለምን ታስፈልጋለች ሲልም ጠየቀ።

መልሱ የመጣው ከቦረና ነው። ሁሴን አዳን ኢሳቅ የተባለ የኬንያ ተመራማሪ ከሄንዝ ኡልሪሽ ራየር ጋር ሆኖ በሰሜን ኬንያ የቦረና ማር ፈላጊዎችን ተከትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣ። ሰዎቹ በፉጨት ወፏን ይጠራሉ፤ ወፏ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትመራለች፤ የምትበርበትን አቅጣጫና ርቃ የምትቆይበትን ጊዜ እያዩ ቀፎው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃሉ። ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት 8.9 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ በእሷ መሪነት 3.2 ሰዓት ሆነ። ከምታሳያቸው ቀፎዎች 96 በመቶው ደግሞ ሰው በእሳትና በመጥረቢያ ካልከፈተላት እሷ የማትደርስባቸው ናቸው። ሰው ማሩን ይወስዳል፤ ወፏ የምትፈልገው ሰሙንና ዕጩን ነው። ሁለቱ የሚሻሙበት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክሌር ስፖቲስውድና ባልደረቦቿ ሞዛምቢክ ውስጥ ያዎ የሚባሉት ማር ፈላጊዎች የሚያሰሙትን ልዩ ጥሪ ፈተኑ። በዚያ ጥሪ ሲሄዱ ወፏ የመምራቷ ዕድል ከ33 ወደ 66 በመቶ ያድጋል። ቀፎ የማግኘታቸውም ዕድል ከ16 ወደ 54 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጥሪውን ወደ ሌላ አገር ወስደው ሞከሩት። የታንዛኒያ ወፎች ለአገራቸው ለሐድዛዎች ፉጨት ከያዎ ጥሪ ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ መልስ ሰጡ፤ የሞዛምቢኮቹም ለራሳቸው ጎረቤቶች ጥሪ አደሉ። ወፏ የአካባቢዋን ሰው ድምፅ ታውቃለች ማለት ነው። ይህን ከወላጆቿ አልተማረችውም፤ እናቷ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፣ ጫጩቷም ገና ዓይኗ ሳይከፈት በመንቁሯ ጫፍ ባለው ስለት የባለጎጆውን ጫጩቶች ትገድላቸዋለች። እናቷንም አባቷንም አታውቅም። የሰውን ጥሪ የምትለየው አድጋ በጫካው ውስጥ እየሰማች ነው። የሰዉም ወገን እንዲሁ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ወጥቶ ካልሰማ ጥሪውን አያውቀውም።

ስለዚህ ዝምድናው ከሁለቱም ወገን ሊረሳ ይችላል። ሰው ስኳርና ማር ከሱቅ መግዛት በጀመረባቸው ብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች ወፎቹ ሰው መጥራት ትተዋል። ከዚህ ተነሥቼ ሳስብ ብሩስ አልዋሸም ብዬ አምናለሁ። እሱ በኖረበት በጎንደር ዙሪያ ገበሬው ቀፎውን በራሱ ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ በቤቱ ግድግዳ ደግፎ ማሩን ይቆርጥ ነበር፤ ዱር ለዱር ወፍ የሚከተልበት ምክንያት አልነበረውም። የማይከተላትን ሰው ወፏም አትጠራውም። ሎቦን ሊያስተባብል ያቀረበው ማስረጃ፣ ያ ሁሉ ቀፎ፣ ወፏ ለእሱ ዝም ያለችበት ምክንያት ሊሆን ይችላል።